ከኮን በግ ጠጉር፣ ከገና ዶሮ ላባ
የዓሣ ማባበያ በቤትዎ ጠረጴዛ ላይ

እርስዎ ቤትም እንዲህ ያለ መሳቢያ አይጠፋም። ምን እንደሚከፍት የማይታወቅ ቁልፍ፣ እጀታው የተጣመመ የሻይ ማንኪያ፣ የወይን ጠርሙስ ቡሽ፣ ግማሹ የደረቀ የጥፍር ቀለም፣ ከአሮጌ ሹራብ የተረፈ ክር። ዛሬ ይጣል ነገ ይጣል እየተባለ ዓመት ይከርማል። ባለፈው ኅዳር የእኛን መሳቢያ ላራግፍ ስነሳ ባለቤቴ ደረሰብኝ። «ማንኪያውን ተይው፤ ዓሣ እይዝበታለሁ» አለኝ።

ቀልድ መሰለኝ፤ እሱ ግን የምሩን ነበር። አንድ ወዳጁ ከውጭ አገር ያመጣለትን ሦስት ማባበያ ላንጋኖ ሐይቅ ላይ በአንድ ጠዋት ድንጋይ አስቀርቶበታል። የአንዱ ዋጋ ደህና ዶሮ ይገዛል። ማባበያ የምለው ትል ወይም ሥጋ የማይሰካበትን፣ ራሱ ትንሽ ዓሣ ወይም ነፍሳት መስሎ ዓሣን የሚጠራውን ሰው ሠራሽ መንጠቆ ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ማባበል እንጀራዬ ነው፤ ከሻይ ማንኪያ ማባበያ እንደሚሠራ ግን አላውቅም ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ከልጆችዎ ጋር ሊሠሯቸው የሚችሉ ሦስት ማባበያዎችን አሳይዎታለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ እናቴ ልንገርዎ፤ እሷ ባትኖር የእኛ ቤት ሙከራ ማንኪያው ላይ ይቀር ነበር።

ከአልጋ ሥር ያለው ከረጢት

በዚያ ሰሞን እናቴ ከኮን መጥታ እኛ ዘንድ ነበረች። ኮን የዋድላ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከጋሸና ወደ ወገል ጤና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ብርዳም የወሎ ደጋ። ላሊበላ የሄደ ሰው ጋሸናን ያውቃል። እሱ ወደ ላሊበላ ሲታጠፍ እኛ ወደ ኮን እንታጠፋለን።

እማዬ የመጣችው ለዓይኗ ነበር። የቀኝ ዓይኗ ሞራ ተገፈፈላት፤ ሐኪሙም በደንብ እንደምታይ ነገራት። እሷ ግን ዓይኗን አላመነችውም። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትደግፋለች፤ ሻይ ስትቀዳ ብርጭቆውን በጣቷ ትለካለች። ኮን እያለች ዓይኗ ሲደክም መፍተል ትታ ነበር። ሆኖም አንድ ከረጢት የተነደፈ የበግ ጠጉርና እንዝርቷን ይዛ መጥታ ከአልጋዋ ሥር አስቀምጣቸዋለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልነካቻቸውም። ሶፋው ላይ እጇን አጣጥፋ ትቀመጥና «መቼ ነው የምትሸኙኝ?» ትላለች። ብንሸኛትም ብቻዋን እንዴት እንደምትኖር ማሰቡ እንቅልፍ ነሳኝ።

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ስለ ማባበያ ታሪክ ያነበበውን ለልጆቹ ሲተርክላቸው ሰማች። የዛሬ 1,800 ዓመት ገደማ ኤሊያን የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ ስለ መቄዶንያ ዓሣ አጥማጆች ጽፎ ነበር። ሰዎቹ መንጠቆውን በቀይ የበግ ጠጉር ይጠመጥሙትና ከአውራ ዶሮ ጉሮሮ ሥር የወሰዷቸውን ሁለት ላባዎች ያስሩበት ነበር። ዓሣው የለመደው ዝንብ እየመሰለው ይውጠዋል።

«በግና ዶሮ ብቻ ከሆነማ ምኑ ይገርማል?» አለች እማዬ። ተነሥታ ሄደችና ከረጢቱን ከአልጋዋ ሥር ጎትታ አመጣችው።

ማንኪያና ቸኮሌት

ማባበያ ከድሮም የቤት ውስጥ ሥራ ነው። አሜሪካዊው ጁልዮ ቡዌል ማንኪያ የመሰለ ማባበያውን በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1852 ነው። ሐሳቡ የመጣለት ማንኪያ ሐይቅ ውስጥ ጥሎ ዓሣ ሲነጥቀው በማየቱ ነው ይባላል። ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936 የመጀመሪያ ማባበያውን ከቡሽ በጫማ ሠሪ ቢላ ቀረጸ። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ በቸኮሌት መጠቅለያ ብርማ ወረቀት ሸፈነው፣ ላዩን ደግሞ በቀለጠ የፎቶ ፊልም ለበጠው። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ድርጅት በመላው ዓለም ይሸጣል።

ራፓላ አዳኝ ዓሦች ከመንጋው መካከል አዋኙ የተለየውን፣ የተጎዳ የሚመስለውን ትንሽ ዓሣ መርጠው እንደሚያጠቁ ልብ ብሎ ነበር። የማባበያ ምሥጢር እሱ ነው። ዓሣ በዓይኑ ብልጭታን ያያል፤ ከጎንና ከጎኑ በተዘረጋው የስሜት መስመር ደግሞ የውኃውን ንቅናቄ ያዳምጣል። ስለዚህ ከመልኩ ይልቅ እንቅስቃሴው ይበልጣል።

የትኛው ዓሣ ይባበላል?

ሁሉም አይደለም። ገበያ ላይ በብዛት የምናገኘው ቆሮሶ በአብዛኛው የውኃ አረንጓዴ ተክል ስለሚበላ ለማባበያ እምብዛም አይመጣም። አምባዛ ደግሞ ይበልጥ የሚመራው በሽታ ስለሆነ ሥጋና ትል ይሻለዋል። ለማባበያ የሚሆነው እያየ የሚያድን ዓሣ ነው።

ጣና ላይ 15 የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ 8ቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው። ጫሞ ላይ ትልቁ ናይል ፐርች አለ፤ እዚያ ግን አዞ ስላለ ከባለሙያ ጀልበኛ ጋር እንጂ ከልጅ ጋር ዳር ላይ አይቆሙም። በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች፣ በዌብ፣ በዳንካና በሻያ፣ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ትራውት ይገኛል። ትራውት ነፍሳትና የነፍሳት እጭ ይወዳል። ለእማዬ ጠጉር የታጨው እሱ ነበር።

አንደኛው፦ የጠጉርና የላባ ማባበያ

የሚያስፈልገው፦ ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል)፣ ቀጭን የስፌት ክር፣ ጥቂት የበግ ጠጉር፣ ከአውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ ላባ፣ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም። ላባውን በሳሙና አጥበው ያድርቁ። እኛ የገናውን ቀይ አውራ ዶሮ አንገት ላባ በፖስታ አስቀምጠን ነበር።

1. መንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደኋላ የተቀለበሰችውን ትንሽ ጥርስ በፒንሳ ጨፍልቀው ያስተኟት። ይህን አይዝለሉ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

2. መንጠቆውን በፒንሳ ያስይዙና የፒንሳውን እጀታ በላስቲክ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። ሞርሳ መግዛት አያስፈልግዎትም።

3. ክሩን ከመንጠቆው ቀለበት ኋላ ጀምረው እስከ መታጠፊያው ድረስ ይጠምጥሙ። እዚያ ላይ ጥቂት የላባ ጭረቶች ለጅራት ያስሩ።

4. ጣትዎን አርጥበው ቁንጥር ጠጉር ክሩ ላይ ለጠፍ ያድርጉና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይፍተሉት። ጠጉር የለበሰውን ክር ከጅራቱ ወደ ቀለበቱ ይጠምጥሙ፤ ጅራቱ ጋ ቀጠን፣ ወደ ራሱ ወፈር ይበል።

5. ከቀለበቱ ኋላ ላባውን በጫፉ አስረው ሁለት ሦስት ዙር ይጠምጥሙት። በክር ይሰሩት፤ ሦስት ጊዜ ይቋጥሩት፤ ቋጠሮው ላይ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም ያድርጉ። ቀለበቱን ቀለም እንዳይደፍነው በመርፌ ያጽዱ።

አራተኛው ደረጃ ባለቤቴን ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ጠጉሩ ወይ ይረግፋል ወይ ይድበለበላል። እማዬ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና «አንተ ልጅ፣ እሱኮ መፍተል ነው፤ ወዲህ በለው» ብላ ተቀበለችው። ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ብቻ ሠራችው። በደጋው ወሎ የበግ ጠጉር ተሸልቶ፣ በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ባና ይሆናል። እሷ ባና ለብሳ ያደገች፣ ፈትላም ልጆቿን ያለበሰች ናት። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄ «እምዬ፣ እኔንም አሳዪኝ» ብላ አጠገቧ ተጠጋች።

አንድ ነገር ደግሞ ከእሷ ተማርን። ያልታጠበ ጠጉር የተፈጥሮ ቅባት ስላለው መጀመሪያ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ በሙቅ ውኃና በሳሙና የታጠበው ቶሎ ይጠጣና ይሰምጣል። ለላይና ለታች የሚሆን ሁለት ዓይነት ማባበያ ከአንድ በግ ይወጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው፦ የማንኪያ ማባበያ

ይህ ለአዋቂ የሚተው ሥራ ነው። ጠንካራ ስቲል ድሪሉን ስለሚያስቸግር ለስለስ ያለ ብረት ያለው አሮጌ የሻይ ማንኪያ ይምረጡ። እጀታውን በብረት መጋዝ ይቁረጡ፤ የተቆረጠውን ጠርዝ በሞረድ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። በሁለቱ ጫፎች ላይ ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብለው አንድ አንድ ቀዳዳ ይብሱ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ትንሽ የቁልፍ ቀለበት ያስገቡ። በሰፊው ጫፍ መንጠቆውን፣ በጠባቡ ጫፍ የማጥመጃውን ክር ያስሩ። ከመንጠቆው ግንድ ላይ ቀይ የሹራብ ክር ቢቋጥሩ ጥሩ ነው።

ማንኪያው ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ሲጎተት ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ያብለጨልጫል። በባልዲ ውኃ ውስጥ ሞክሩት፤ ልጆች የሚስቁት እዚህ ጋ ነው። ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ ቀስ ብለው ይጎትቱ፤ ወይም ጫፉን በፒንሳ ትንሽ ጎንበስ ያድርጉት።

ሦስተኛው፦ የቡሽ ዓሣ

ስድስት ዓመት የሆነው ልጄ የወደደው ይህን ነው። የወይን ቡሽ በቁመቱ ለሁለት ይክፈሉ። አንዱን ግማሽ በትንሽ ዓሣ ቅርጽ ይቅረጹና በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። ከሆዱ ሥር በቁመት ሰንጥቀው የረጅም መንጠቆ ግንድ ያስገቡ፤ ቀለበቱ በአፉ በኩል፣ ጫፉ በጅራቱ በኩል ይውጣ። ስንጥቁን በሱፐር ግሉ ይዝጉ፤ ይህንንም አዋቂ ይሥራው። ከደረቀ በኋላ ልጁ በፎይል ይሸፍነው፣ ዓይን ይሣልለት፣ በጥፍር ቀለም ይቀባው። ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባ፤ በየመካከሉ በደንብ ይድረቅ። የልጄ ዓሣ ሐምራዊ ሆኖ ወጥቷል። በዓለም ላይ የሚመስለው ዓሣ የለም፤ እኛም አላረምነውም።

ክብደት ካስፈለገ እርሳስ የተባለውን ብረት አይጠቀሙ፤ ለልጆች መርዛማ ነው። ትንሽ ዳዶ ይበቃል።

የእኔ አውራ ጣት

ማስጠንቀቂያ የምጽፈው ከመጽሐፍ ቀድቼ አይደለም። የመጀመሪያውን ቀን ጥርሱ ያልተጨፈለቀ መንጠቆ ከጠረጴዛው ላይ በእጄ ጠረግሁና አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ። ጥርሱ ወደኋላ ስለሚይዝ በመጣህበት ተመለስ ቢሉት አይመለስም። ክሊኒክ ሄጄ በማደንዘዣ ወጣልኝ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ተወጋሁ። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ሕግ እንዲህ ሆነ፦

መንጠቆ በቁጥር ይወጣል፣ በቁጥር ይገባል። የወደቀ በእጅ አይፈለግም፤ በማግኔት ይፈለጋል። ጥርሱ ያልተጨፈለቀ መንጠቆ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ሲቆረጥ፣ ሲበሳና ወንዝ ላይ ሲወረወር ሁሉም የዓይን መከላከያ መነጽር ያደርጋል። እማዬ ከሁሉ ቀድማ ታደርጋለች፤ ዓይኗ ገና አዲስ ነውና። መንጠቆ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ጥርሱ ከተደበቀ በጉልበት አይስቡ፤ ሐኪም ያውጣው። ዓይን አካባቢ ከሆነ ፈጽሞ ሳይነኩ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

እማዬ የጠየቀችው

ስድስት ማባበያ ሠርተን ስንጨርስ እማዬ «ምግብ ነው ብሎ ብረት መስጠት ግን ግፍ አይሆንም?» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። በእኔ ሙያ ያማረ ነገር አሳይቶ ባዶ ነገር መሸጥ ምን እንደሚባል አውቃለሁ።

ባለቤቴ የመለሰላት እንዲህ ነው። በአባይና በጣና ገባር ወንዞች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ላይ የሚነሰንሱ አሉ። መርዙ ትልቁንም ትንሹንም፣ የሚበላውንም የማይበላውንም ይጨርሳል። መንጠቆ ግን አንድ ዓሣ ይይዛል፤ ጥርሱ ከተጨፈለቀ ደግሞ ዓሣውን ብዙ ሳይጎዱ መመለስ ይቻላል። «ብርብራውን አውቀዋለሁ» አለች፤ «እሱስ ግፍ ነው። እንግዲያው የምትበሉትን ያዙ፣ ሌላውን ስደዱ።» እኛም ያንን ሕግ አደረግነው።

እርስዎም ያድርጉት። የጣና ነጭ ዓሦች በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ይወጣሉ፤ በዚያ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ ማጥመድ የሚመጣውን ትውልድ መልቀም ነው። ዓሣ ማስገር በአዋጅ ቁጥር 315/1995 እና በክልሎች ሕግ የሚመራ ስለሆነ ከመሄድዎ በፊት የአካባቢውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም የፓርኩን ኃላፊዎች ስለ ፈቃድ ይጠይቁ። ጣናና ዝዋይ ዳር ደግሞ ቢልሃርዝያ ስላለ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ አይቁሙ።

ዲንሾ

በልጆቹ የግማሽ ዓመት እረፍት ፈቃዱን ጠይቀን ወደ ባሌ ተጓዝን። ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እማዬ መንገዱን ሙሉ ስታንቀላፋ ቆይታ ደጋው ላይ ስንወጣ ነቃች። የገብስ ማሳውን፣ በጎቹን፣ ጋቢ የተከናነቡትን ሰዎች አየች። «ይኼማ ዋድላ ነው» አለች።

ወንዙ ዳር ነፋሱ እጅ ያደነዝዛል። ማባበያ ሲቀየር ክሩን በመንጠቆው ቀለበት ማሾለክ ግድ ነው፤ ቀለበቱ ደግሞ የጤፍ ፍሬ ያህል ናት። እኔ ሞከርሁ፤ ባለቤቴ ሞከረ፤ ጣታችን አልታዘዝ አለ። ልጄ ሳያስብ ለአያቱ ሰጣት። «ምን በዓይኔ!» አለች። ቢሆንም መንጠቆውን ወደ ሰማዩ አንሥታ ግራ ዓይኗን ጨፈነች። ክሩ በመጀመሪያው አለፈ። ፈታችውና እንደገና አሳለፈችው። ማንም እንዳያያት የፈለገች ይመስል ለሦስተኛ ጊዜ ዞር ብላ ደገመችው።

ቋጠሮውን እንዲህ ያስሩ፦ ክሩን በቀለበቱ አሾልከው በራሱ ላይ አምስት ጊዜ ይጠምዝዙት፤ ጫፉን ቀለበቱ አጠገብ ባለችው ቀዳዳ ይመልሱ፤ በምራቅ አርጥበው ቀስ ብለው ያጥብቁ። ካላረጠቡት ክሩ በሰበቃው ይደክማል።

ማንኪያው ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም አልያዘም። ሐምራዊው የቡሽ ዓሣ በመጀመሪያው ውርወራ ቁጥቋጦ ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ ለቅሶም ነበር። «አብሽር የኔ ጌታ፣ ሌላ እንሠራለን» አለችው። ከሰዓት በኋላ ልጄ ጥቁር ጠጉር የለበሰውን ማባበያ ከአንድ ቋጥኝ ኋላ ባለው ጸጥ ያለ ውኃ ላይ ጣለች። ክሩ ተወጠረ። ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ፣ ጎኑ ነጠብጣብ የሆነ ትራውት ነበር። እጃችንን አርጥበን ያዝነው፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን ልባስ ይገፈዋልና። እማዬ ጎንበስ ብላ አየችው። «ነጥቡ ይታየኛል» አለች። «ትንሽ ነው፤ ስደጅው» ብላ ልጅቱን አዘዘቻት። ራት ሽሮ በላን።

እማዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ኮን ተመለሰች። እንድትቆይ ለምነናት ነበር፤ እሷ ግን ደረጃውን ግድግዳ ሳትነካ ወርዳ አሳየችኝና መልስ አጣሁ። የግራ ዓይኗን ለማሠራት ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ ብላለች። በስልክ ስንገናኝ ባና እየፈተለች እንደሆነ ትነግረኛለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በመንገደኛ አንድ ከረጢት ላከችልን፤ ጥቁር የበግ ጠጉር ብቻ ነው። ዓሣው የወደደው ጥቁሩን ነው ብላ ልጄ ነግራት ኖሯል።

እኛም ላባ እያጠራቀምን ነው። እርስዎም በሚመጣው በዓል ዶሮው ሲበለት የአንገቱን ላባ አይጣሉ።